ቦሎቄው ከነገለባው

ሰኞ

እስከ ቅዳሜ ድረስ ነው የተሰጠኝ። የትምህርት ቤታችን ባለቤት አቶ ማርቆስ ይህን ሲነግረኝ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ስልኩንም አላስቀመጠም። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ወላጆቹ ፊት ወጥቶ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ያልጻፈ ሰኞ ወደ ነርሰሪ ይወርዳል። "ያልጻፈ" ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከክፍሌ ልጆች እርሳስ የማይነካ አንድ ብቻ ነው።

ሀብታሙ ይባላል። አባቱ ጴጥሮስ ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጁም የሌላ ሰው ነው። እናቱ ዐረብ አገር ሄዳለች። ስም አይከፈልበትም ብለው ጥሩውን መርጠውለታል። ነርሰሪን አምና ጨርሶ ነው ወደ እኔ የመጣው። ጴጥሮስ ባለፈው ሳምንት በር ላይ አግኝቶኝ፣ "ቲቸር፣ ከወረደ አስወጣዋለሁ። ለአንድ ክፍል ሁለቴ አልከፍልም" ብሎኛል። ተቆጥቶ አይደለም፤ አስልቶ ነው። ልጁ ከወጣ ቀኑን ሙሉ ባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሶዶን ሲዞር ይውላል። ከተማን ማወቅ መጥፎ አይደለም። ግን ገና አምስት ዓመት አልሞላውም።

ትምህርት ቤታችን ፔንሲዮን እንዲሆን የተሠራ ቤት ነው። እንግዳ ሲጠፋ ሕፃናት መጡ። የክፍሌ በር ላይ 104 የሚል ቁጥር አለ፤ ጥጉ ላይ ሻወር አለ፤ መጥረጊያና የተሰበሩ ወንበሮች እናስቀምጥበታለን። መስኮቱ ዳሞታ ተራራን ያሳያል፤ ለእንግዳ ታስቦ ነው። አልጋዎቹ ብቻ ተነስተዋል። ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ስለ ዝናብ ሲዘምሩ፣ አልጋዎቹ ትዝ ይሉኛል።

ዛሬ ያየሁት የእርሳስ አያያዝ፦ እንደ ዶማ፣ እንደ ዘነዘና፣ እንደ ቁርጥ ቢላ። የመጨረሻው የሥጋ ቤት ልጅ ነው፤ አልፈረድኩበትም። አንዲቷ እርሳሱን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትጫን ጫፉ ተሰብሮ ግድግዳ መታ። በወላይትኛ ያስባሉ፣ በአማርኛ ይቆጣሉ፣ በእንግሊዝኛ ይዘምራሉ፤ በዚህ ሁሉ ላይ ጻፉ እንላቸዋለን።

ስለዚህ እንደ ሁሉም አስተማሪ እጃቸውን ይዤ አጻፍኩ። ዘዴው ቀላል ነው። ከኋላ ትቆሚያለሽ፤ ትንሿን እጅ በትልቁ እጅሽ ትሸፍኛለሽ፤ ፊደሉን ትጽፊያለሽ፤ "ጎበዝ" ትያለሽ። በደንብ ካሰብሽው ጎበዝ የተባልሽው ራስሽ ነሽ።

ሀብታሙ ጋ ስደርስ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው። እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ቀና ብሎ አየኝ።

ማታ የቤት ሥራ አረምኩ። የአንድ ሰፈር ልጆች ፊደል ሁሉ አንድ ዓይነት ይንቀጠቀጣል። ቤት ለቤት የሚያስጠናቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ የልጅ እጅ ለማስመሰል በግራው ሳይጽፍ አይቀርም። ለልፋቱ "በጣም ጥሩ" አልኩት።

ማክሰኞ

ሌሊት ሳገላብጠው የነበረው መጽሐፍ፣ ልጅ ከመጻፉ በፊት ጣቶቹ መጠንከር አለባቸው ይላል። ልክ ነው። ችግሩ የመጽሐፉ ልጅ በፋብሪካ የተሠራ ባለ ቀለም ጭቃ ይጠፈጥፋል፣ ዶቃ ይሰካል፣ በትንሽ መቀስ ወረቀት ይቆርጣል። ጠዋት አቶ ማርቆስን ጭቃው ይገዛልን ብዬ ጠየቅኩት።

"ቲቸር፣ ሶዶ ላይ ጭቃ ልግዛ?" አለኝ።

ከእሱ ጋር የተስማማሁበት ቀን ይኸው ዛሬ ነው። ግን የእኛም ጭቃ አያስኬድም። አምና አንዲት አስተማሪ ሞክራው ዩኒፎርሙ ሁሉ ቀይ ሆነ፤ እናቶች በር ላይ ተሰልፈው ሳሙና እንድትገዛላቸው ጠየቁ።

ቦሎቄው የታየኝ ለሻይ ስወጣ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈለፍላለች። የደረቀውን ገለባ በአውራ ጣቷና በሁለት ጣቶቿ ይዛ ትጫነዋለች፤ ይከፈታል፤ ፍሬው ይወርዳል። አውራ ጣትና ሁለት ጣት። እርሳስ የሚያዝበት እኮ ነው። ኅዳር ነው፤ በዚህ ሰሞን ያልተፈለፈለ ቦሎቄ የሌለበት ቤት የለም። ገንዘብ አይፈልግም፣ ልብስ አያቆሽሽም። ራሴን አደነቅኩ። ብዙ ጊዜ የማይደርስብኝ ነገር ነው።

ልጆቹን ሊወስዱ ለመጡት ሁሉ በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ፦ ነገ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እፍኝ ቦሎቄ ከነገለባው ይዞ ይምጣ። አስካለች በወላይትኛ ደገመችው። አስካለች የክፍሌ ሞግዚት ናት። አማርኛ ስትናገር ከቸኮለች ወንድና ሴት አትለይም፤ ሁሉንም በእኩል ዐይን ታያለች። ያለ እሷ አንድ ቀን አልውልም።

"ለቲቸር ነው?" አለች አንዲት እናት።

"ለእኔ አይደለም፤ ለልጆቹ ነው።"

"እሺ ቲቸር" አለችና ፈገግ አለች። የገባው ሰው ፈገግታ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ረቡዕ

እፍኝ ላክ የተባለ ሰው እፍኝ አይልክም። አያቴ ጸሐፊ ሆነው ከሸዋ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ አባቴ እዚህ ተወለደ፤ እኔም እዚህ ተወልጄ እዚህ አርጅቻለሁ፤ ይህን ግን ረሳሁት።

በፌስታል መጣ። በሳፋ መጣ። በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ቅርጫት መጣ። የአንዷ ልጅ አያት ተበላ ከምትባለው ከተማ ግማሽ ማዳበሪያ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው፣ ራሳቸውም አብረው መጡ። በመሃል አቮካዶ ነበር። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቡላም ነበር፤ ስለ ቡላ ማንም አላነሳም ነበር። የክፍል 104 ሻወር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ሁሉም ግን ተፈልፍሎ ነው የመጣው።

ተፈልፍሏል፣ ተለቅሟል፣ ተነፍቷል። አንዳንዱ ታጥቧል። የሥጋ ቤቱ ሚስት ቀቅላው፣ ጨው ጨምራ፣ ዳጣውን ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ በምሳ ዕቃ ልካለች። ዳጣው ዐይን ያስለቅሳል፤ በሌላ ቀን ቢሆን አመሰግናት ነበር። እናቶቹ ሌሊቱን ሲፈለፍሉ አድረዋል። አስተማሪ ፊት ገለባ ይዞ መቅረብ ነውር ነውና።

የተበላዋ አያት ማዳበሪያው ላይ ተቀምጠው ያርፉ ነበር።

"እማማ፣ ከነገለባው ነበር እኮ ያልነው" አልኳቸው።

"ሰምቻለሁ። ታዲያ አስተማሪ ደጅ ገለባ ይዤ ልምጣ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ልጆቹ ራሳቸው እንዲፈለፍሉት ብዬ ነው።"

ወደ አስካለች ዞረው በወላይትኛ አስተረጎሙኝ፤ በትክክል እንዳልሰሙኝ አስበው ነው። ሲገባቸው እንደ ታመመ ሰው አዩኝ።

"ልጄ፣ ትምህርት ቤት የላክናት እኮ እንዳትፈለፍል ነው።"

ቅርጫቱን አንስቼ ወደ ሻወሩ ወሰድኩ።

አቶ ማርቆስ በር ላይ ቆሞ ከረጢቶቹን ቆጠረ። "ቲቸር፣ ንግድ ፈቃዱን መቼ አወጡ?" አለኝ። ከአሁኑ በከተማው እየተወራ ነው አለ፤ የ104ቷ አስተማሪ ከየቤቱ ቦሎቄ ሰብስባ ቦዲቲ ገበያ ልታወጣው ነው። ቦዲቲ ዋጋው ይሻላል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። አልሳቀም።

ልጆቹ ቁጭ ብለው ምን እንደምናደርግ ይጠብቃሉ። የተፈለፈለ ቦሎቄ በሳህን አደረግንላቸው። ቆጠሩት። ከዚያ በሉት፤ ጥሬውን። ከዚያ አንዱ አፍንጫው ውስጥ ከተተው። አስካለች አወጣችለት። "ቲቸር፣ ወጥታለች" አለችኝ፤ ቦሎቄዋን ነው።

ወደ አራት ሰዓት ላይ ጴጥሮስ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ፣ ጥቁር ፌስታል በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ዐይኔን አላየም።

"ይቅርታ ቲቸር። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው ያደርኩት። ቤት ሰው የለም። ማታ ሳንፈለፍለው ቀረን።"

ፌስታሉን ከፈትኩ። ከነገለባው። ደረቅ፣ ቢጫ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ።

"ነገ አስፈልፍዬ..." ሲል ከእጁ ነጠቅኩት።

"እንዳትነካው" አልኩት።

ደንግጦ ሄደ። የተቆጣሁት መስሎታል። ከኋላው ልሮጥ ብዬ ነበር፤ ጉልበቴ አልፈቀደም።

ሐሙስ

ሰሌን አንጥፈን በክብ ተቀመጥን፤ የጴጥሮስን ቦሎቄ ለሁሉም አከፋፈልን። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ገለባ ደረሰው። የሥጋ ቤቱ ልጅ በጥርሱ ከፈተ። ሌላው በጫማው ረገጠው። አንዲቷ ይዛ አለቀሰች፤ ቤት ውስጥ ሁሉን የምታደርግላት ሠራተኛ አለች። ፍሬው እየተፈናጠረ ሻወሩ ውስጥ ገባ። በጣም ጥሩ ነበር። ጣቶች እየሠሩ ነው ብዬ ልቤ ሞላ።

ከዚያ ሀብታሙን አየሁ።

ገለባውን አያየውም። በአውራ ጣቱ ጥፍር መገጣጠሚያውን ይነካል፤ ይከፈታል፤ ፍሬውን በመዳፉ ይቀበላል፤ ገለባውን በግራው ይጥላል። ድርሻውን ጨርሶ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ድርሻ ጀመረ። የሷን ጨርሶ የአስካለችን ወሰደ። አስካለች በገጠር ያደገች ሴት ናት፤ እጇን አጣጥፋ ስታየው ቆየች።

"ቲቸር፣ ይኼ ልጅ ቤት ራት የሚሠራው እሱ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ነው መሰለኝ። ቢያንስ ቦሎቄውን።

እንግዲህ ጣቱ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ለአንድ ልጅ ጣት ስል ከተማውን ሌሊት ሙሉ አስፈልፍዬ፣ ስሜን ለወሬ ሰጥቼ፣ የአንድ አያትን ወገብ በሚኒባስ አስመትቼ፣ ያገኘሁት ይህንን ነው። መጽሐፉ ለዚህ ምዕራፍ የለውም።

ላመሰግነው ብዬ ከኋላው ጎንበስ አልኩ፤ እጄን እጁ ላይ ላሳርፍ ስል ፍሬውን ጥሎ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከተተ።

እርሳስ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ወረቀትም አልነበረም። ቦሎቄና እኔ ብቻ ነበርን።

አስካለች አምና የነርሰሪ ሞግዚት ነበረች። ልጆቹ ሲተኙ ስለ ሀብታሙ እጅ ጠየቅኳት።

"አምና የነበረችው ቲቸር እጁን ይዛ ታጽፈው ነበር። እጁን ሲያጠነክር አጥብቃ ትይዛለች። ሲያለቅስ የባሰ ታጠብቃለች። አንድ ቀን ጣቶቹ ቀልተው ነበር፤ አባቱ ሳያይ በውሃ አሸሁለት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቲቸር፣ አንቺም ይዘሽ ታጽፊ የለ? ምን ብዬ ልንገርሽ?"

ከኋላ ስለሚይዘው እጅ አስቤ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ስለ እርሳሱ ነው የማስበው። ልጁ የሚፈራው እርሳሱን አይደለም። ከኋላ የሚመጣውን ነው።

ዓርብ

ዛሬ ምንም አልሠራሁም። በዚህ ሥራ ዘመኔ እንደዚህ የደከመኝ ቀን የለም።

ለሀብታሙ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረጋሁለት፤ አጭር እርሳስ አጠገቡ አደረግኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ሻወሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አስካለችም እንዲሁ። የሥጋ ቤቱን ቦሎቄ በዳጣ በላን። ዞሬ ለማየት አንገቴ ሲያሳክከኝ ዋለ። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው "ቲቸር ያዢኝ፣ ቲቸር ያዢኝ" ይላሉ። እጃቸውን የሰው ዕቃ አድርገነው እንደሆነ እንጃ።

አቶ ማርቆስ በር ከፈተ።

"ምን እየሠሩ ነው?"

"እያስተማርኩ።"

"ለልጆቹ ጀርባ ሰጥተው?"

"አዎ።"

በሩን በቀስታ ዘጋው። እንደዚያ የሚዘጋው በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ለመቅጠር ሲያስብ ነው።

እስከ ምሳ ወረቀቱ ባዶ ነበር። ከምሳ በኋላ አንድ ጭረት አለው። ፊደል አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ መሥመር ብቻ። ማየቴን ሲያውቅ በእግሩ ሸፈነው። እኔም ተራራውን ማየት ጀመርኩ።

ከሰዓት ወደ ቢሮው ወጥቼ ነገርኩት። ነገ የማንንም ልጅ እጅ ማንም አይያዝ፤ የጻፈ ይጻፍ፣ የጫረ ይጫር። አቶ ማርቆስ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

"ቲቸር፣ ወላጅ ከፍሎ ጭረት ይይ? አይሆንም። ግን ስለ ሀብታሙ አስቤበታለሁ። አባቱ ያሳዝናል። እኔ ራሴ እጁን ይዤ አጽፈዋለሁ፤ በሕዝብ ፊት። ጻፈ ይባላል፤ አይወርድም። አለቀ።"

ምሕረት ነው ያደረገልኝ። እሺ ካልኩ ልጁ ክፍሌ ይቀራል፤ አባቱ አያስወጣውም፤ እኔም አርፌ እተኛለሁ። የሚያስፈልገው ልጁ እጁን መስጠቱ ብቻ ነው። ካልሰጠ ግን በሕዝብ ፊት አጥብቆ ይይዘዋል፤ አውቀዋለሁ፤ ለደግነቱ ሲል።

እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። ሦስተኛ መልስ አለ፤ "እንግዲህ ነገ ያድርሰን" ይባላል። ብዙ መሥሪያ ቤት በእሱ ነው የቆመው።

ቅዳሜ

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ የፕላስቲክ ወንበር ተከራየን፤ ሞንታርቦው ከጠዋት ጀምሮ መዝሙር ይጮሃል። ሰሌዳው ውጪ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። ወላጆች የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሁለት እናቶች ቦሎቄው በደንብ ተሸጠ ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ።

ልጆቹ በየተራ ተጠሩ። የሥጋ ቤቱ ልጅ ሲነሳ አባቱም አብሮ ተነሳ፤ ማንም አላዘዘውም። ከኋላ ቆሞ የልጁን እጅ ያዘ፤ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ፊደል ጻፈ። ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላማ ያልተነሳ ወላጅ አልነበረም። እናቶች፣ አጎቶች፣ ነፍሰ ጡር አክስት። ሰሌዳው በሚያምር የአዋቂ ጽሕፈት ሞላ። አስጠኚው ተማሪ ከኋላ ቆሞ ሲያይ አየሁት፤ በቀኝ እጁ ስልክ ይዟል። በግራው ይጽፍላቸዋል ያልኩት ልክ ነበር ማለት ነው፤ ወይም አይደለም።

የተበላዋ አያትም የልጅ ልጃቸው ስትጠራ ተነሱ። ፊደል አልቆጠሩም። ግን ሁሉም እንደዚያ ሲያደርግ ስላዩ ወጉን ጠብቀው ከልጅቷ ኋላ ቆሙ፤ እጃቸውንም እጇ ላይ ጫኑ። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች። ምንም እንደማይመጣ ስታውቅ የአያቷን እጅ ተሸክማ ጻፈች። ፊደሉ ጠማማ ነበር። የዕለቱ ትክክለኛ ጽሕፈት እሱ ነበር፤ ለማን እንደምናገረው አጣሁ።

"ሀብታሙ ጴጥሮስ።"

ጴጥሮስ ከበሩ አካባቢ ተነሳ፤ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ። ከወዲህ በኩል አቶ ማርቆስ የኮቱን እጅጌ ሰብስቦ ተነሳ። ልጁ መሃል ላይ ቆሟል። ሱሪው ኪስ የለውም፤ እጆቹን የሚያስገባበት ቦታ አጣ። ወደ ብብቱ ከተታቸው።

ሩጫ የማላውቅ ሴት ሮጥኩ። ጴጥሮስን ክንዱን ይዤ "እዚህ ቁም፤ አትጠጋው፤ ለልጅህ ስትል" አልኩት። ቆመ። ከዚያ ማይክራፎኑን ከቆመበት ነቅዬ አቶ ማርቆስ እጅ ውስጥ አደረግኩ።

"ንግግርዎን እየጠበቁ ነው" አልኩት።

ፕሮግራሙ ላይ ንግግር መጨረሻ ነው የነበረው። ግን ማይክራፎን የጨበጠ ሰው ተመልሶ ሲያስቀምጥ አይቼ አላውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ሁለተኛው ፎቅ ጀመረ። ወደፊት ስለሚገዛው አውቶቡስ ቀጠለ። ወላጆች ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ሰሌዳውን የሚያይ ሰው አልቀረም።

ሀብታሙ ዞሮ ከኋላው አየ። ማንም የለም። እኔን አየኝ። እኔም ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ከዓርብ ጀምሮ ሙያዬ ሆኗል። ጴጥሮስ ግን ያያል፤ ፊቱን አነብባለሁ። የጴጥሮስ ፊት መጀመሪያ ተጨማደደ። ከዚያ ምንም አልሆነም፤ ረጅም ጊዜ። ስለ አውቶቡሱ ቀለም እየተነገረ ነበር። ከዚያ የጴጥሮስ አፍ ትንሽ ተከፈተ።

ጭብጨባው ሲጀመር ዞርኩ። ለአውቶቡሱ ነው የተጨበጨበው። ሰሌዳው ግርጌ፣ የልጅ ቁመት በሚደርስበት፣ አንድ ሀ ነበር። አንዱ ጎኑ ከሌላው ይረዝማል፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ውሃ ቢሞሉት ግማሹ ይፈስ ነበር። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ጠመኔውን በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ይዟል።

አቶ ማርቆስ ማይክራፎኑን እንደያዘ ቀረበ።

"ይህን ማን ጻፈው?" አለ፤ በሞንታርቦው፣ ለግቢው ሁሉ።

"እሱ ነው።"

"ማን ይዞት?"

"ማንም አልያዘውም።"

ጎንበስ ብሎ አየው። "ለዚህ ነዋ የተጣመመው" አለ።

ወላጆች ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ጴጥሮስ አልሳቀም። ወደ እኔ ተጠግቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቲቸር፣ ይኼ ይቆጠራል?" አለኝ።

"ይቆጠራል" አልኩት። ይህን ለማለት ሥልጣን የለኝም።

አቶ ማርቆስ ሰምቷል። "ሰኞ እናየዋለን" አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

እሑድ

ከቅዳሴ ተመልሼ ተኛሁ። ስነሳ መሽቷል። እግሬ የሮጥኩበትን አልረሳም።

አስካለች ደውላ ነበር። አቶ ማርቆስ ከረጢቶቹ ከሻወሩ እንዲወጡ አዟል፤ ከነገ ጀምሮ ቦሎቄው እየተቀቀለ ለልጆቹ ይሰጣል፤ በሩ ላይም "የምገባ ፕሮግራም" የሚል ወረቀት ለጥፏል። ስለ ሀብታሙ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። ምንም አላለም አለች። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅንም፤ ስልኩን ዘጋን።

ሰኞ

አቶ ማርቆስ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የነርሰሪዋ አስተማሪም አጠገቡ። ባጃጁ ቆመ። ጴጥሮስ ልጁን አውርዶ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ይዞት ሊመለስ ይችላል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እኔ ከ104 መስኮት አያለሁ። ጠመኔ እጄ ውስጥ ተሰብሯል፤ መቼ እንደሆነ አላወቅኩም።

አቶ ማርቆስ ልጁን አየው። የነርሰሪዋ አስተማሪ አቶ ማርቆስን አየችው።

"ግባ" አለ። ያለው ይኸው ነው። የት እንደሚገባ አልተናገረም።

ሀብታሙ በነርሰሪው በር አልፎ ወደ እኔ መጣ። የባጃጁ ድምፅ ራቀ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ነው ወይስ እስከ ነገ ብዬ ልጠይቅ ወደ ቢሮው ደረጃ ወጣሁ፤ ግማሽ ላይ ተመለስኩ። ያልተነገረ ነገር ሲጠየቅ ይነገራል።

ዛሬም የማንንም እጅ አልያዝኩም። ክፍሉ ጫጫታ ነበር፣ ወረቀቱ ሁሉ ጭረት ነው፣ ሦስት እናቶች ነገ ሊያናግሩኝ ይፈልጋሉ። የቤት ሥራ አልሰጠሁም፤ አስጠኚው ሥራ ይፈታል።

ከእረፍት በኋላ ሀብታሙ ከሣጥኑ እርሳስ መርጦ ወሰደ። መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጀመረ። እኔም፣ ሰው ከልማዱ አይላቀቅምና፣ ሳላስበው ከበላዩ ቆሜያለሁ። ቀና አላለም።

"ቲቸር፣ ወዲያ ሂጂ" አለኝ።

በአማርኛ የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ሄድኩ። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተው፤ ምን እንደጻፈ አላየሁም።